ኦዲት ለማይሠራ ሰው ኤሲሲኤ ምን ይጠቅመዋል?

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «በአካውንቲንግና ፋይናንስ ተመርቄ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የግል ባንክ የብድር ትንተና ክፍል አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ኦዲተር የመሆን ሐሳብ የለኝም። የምፈልገው በትልልቅ ኩባንያዎች ብድር ላይ መቆየት፣ ከተሳካም አዲስ ወደተከፈተው የካፒታል ገበያ መሻገር ነው። ጓደኞቼ ኤሲሲኤ የተባለውን ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሙያ ምስክር ወረቀት እንድጀምር ይመክሩኛል፤ አለቃዬ በኢንቨስትመንት ላይ የሚያተኩረው ሲኤፍኤ ይሻላል ይላሉ፤ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የምትኖረው እህቴ ደግሞ የአሜሪካኑን የሂሳብ ሙያ ፈቃድ ሲፒኤን ትላለች። ክፍያው በፓውንድ በመሆኑ ከደመወዜ አንጻር ከባድ ነው። ኦዲት ለማልሠራ ለእኔ የሂሳብ ሙያ ምስክር ወረቀት በእርግጥ ይጠቅመኛል?»

ለእርስዎ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ምክንያቴ ግን «ወረቀቱ ካለ ሥራ አይጠፋም» የሚለው የተለመደ ስሌት አይደለም፤ በዚያ ስሌት ጀምረው ሦስትና አራት ፈተና ካለፉ በኋላ ያቋረጡ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። እኔ በኦዲት ድርጅት ውስጥ አንድም ቀን ሳልሠራ የኤሲሲኤ አባል የሆንኩ ሰው ነኝ። እንደ እርስዎ በባንክ የብድር ክፍል ጀምሬ አሁን የአንድ አምራች ኩባንያ የፋይናንስ ኃላፊ ስለሆንኩ፣ ብድር መርምሬም ብድር ጠይቄም አውቃለሁ። የምጽፈውም ከዚህ ልምድ ተነሥቼ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሕጉን ነገር ማየት ያስፈልጋል። በ2006 ዓ.ም. በወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847 መሠረት፣ ከኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ፈቃድ ያላገኘ ሰው በኦዲት ሪፖርት ላይ መፈረም አይችልም። የኤሲሲኤ አባልነት ብቻውን ፈቃድ ባይሆንም፣ ወደ ፈቃዱ ከሚያደርሱት መንገዶች አንዱ ነው። ስለዚህ በኦዲት ሙያ ውስጥ ላለ ሰው ምስክር ወረቀቱ በር ነው፤ ያለ እሱ የተወሰነ ደረጃ ላይ ደርሶ ይቆማል። ከኦዲት ውጪ ግን እንዲህ ያለ በር የለም። ብድር ለመተንተን፣ የኩባንያን በጀት ለማዘጋጀት፣ የባንክን የውጭ ምንዛሪ ይዞታ ለማስተዳደር ወይም አክሲዮን ለመገመት የሂሳብ ሙያ ምስክር ወረቀት ያዝ የሚል ሕግ አላውቅም። ጥቅሙ የሚለካው ወረቀቱን ለማግኘት የተማሩት ነገር በየቀኑ ሥራዎ ላይ በሚያስገኘው ለውጥ ነው፤ አሠሪ በወረቀቱ ላይ የሚጥለው እምነትም ቢሆን ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ለማንኛውም የፋይናንስ ሥራ እኔ የምጠቀምበት መመዘኛ እንዲህ ነው። ሥራዎ በመጨረሻ የሚያበቃበትን ውሳኔ ይያዙና ወደ ኋላ ይሂዱ። ውሳኔው የተመሠረተው በየትኛው ቁጥር ላይ ነው? ያንን ቁጥር ማን አዘጋጀው? በአንድ ወይም በሁለት እርምጃ የአንድ ድርጅት የሂሳብ መግለጫ ላይ ከደረሱ፣ ቁጥሩ እንዴት እንደተሠራ የሚያውቅ ሰው ከማያውቀው የተለየ ውሳኔ ይወስናል፤ እዚያ ኤሲሲኤ ዋጋ አለው። ወደ ኋላ ሲሄዱ የሚያገኙት የደንበኛ ግንኙነት፣ የሽያጭ ችሎታ፣ የኮምፒውተር ሥርዓት ወይም የስታቲስቲክስ ሞዴል ከሆነ፣ ዋጋው በጣም ያንሳል።

የእርስዎ ሥራ በመጀመሪያው ወገን ነው። ለምን እንደሆነ በምሳሌ ላሳይ። አንድ የልብስ ፋብሪካ ብድር ይጠይቃል እንበል። ሽያጩ በአንድ ዓመት ከ100 ሚሊዮን ወደ 130 ሚሊዮን ብር አድጓል፤ የተጣራ ትርፉም 12 ሚሊዮን ብር ነው። የብድር ማመልከቻው የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሚጻፈው ይህ ነው፤ ኮሚቴውም በአብዛኛው የሚያየው ይህንኑ ነው። ነገር ግን በዚያው ዓመት ተሰብሳቢ ሂሳቡ፣ ማለትም ደንበኞች በዱቤ ወስደው ያልከፈሉት፣ ከ20 ሚሊዮን ወደ 48 ሚሊዮን ብር ከፍ ብሏል። የእርጅና ቅናሹ (ንብረት በማርጀቱ የሚመዘገብ፣ ጥሬ ገንዘብ የማይወጣበት ወጪ) 4 ሚሊዮን፣ ለአቅራቢዎች ያልተከፈለው ዕዳ ጭማሪም 3 ሚሊዮን ብር ነው፤ የዕቃ ክምችቱ አልተለወጠም። አሁን ያስሉት። ከ12 ሚሊዮኑ ትርፍ ላይ 4 ሚሊዮኑን የእርጅና ቅናሽ ይደምሩ፤ የተሰብሳቢ ሂሳቡን የ28 ሚሊዮን ጭማሪ ይቀንሱ፤ የአቅራቢዎቹን 3 ሚሊዮን ይመልሱ። ፋብሪካው ከመደበኛ ሥራው በዓመቱ ውስጥ 9 ሚሊዮን ብር አጉድሏል ማለት ነው። ትርፍ አለ፤ ጥሬ ገንዘብ ግን የለም። ብድር የሚመለሰው ደግሞ በጥሬ ገንዘብ ነው።

ይህን ስሌት በዩኒቨርሲቲ ሁላችንም ተምረነዋል፤ እኔም ተምሬዋለሁ። ሆኖም በሁለተኛ ዓመት ሥራዬ ልክ እንዲህ ያለ ሂሳብ ለያዘ ተበዳሪ የድጋፍ ሐሳብ ጽፌ፣ ብድሩ በአሥራ አራተኛው ወር መከፈል አቁሟል። የገንዘብ ፍሰት መግለጫው በማመልከቻው ውስጥ ነበር፤ አላነበብኩትም ማለት ይቀለኛል፤ እውነቱ ግን አንብቤው ምን እንደሚል አለመረዳቴ ነው። ለኤሲሲኤ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ፈተና ስዘጋጅ ያንን መግለጫ በእጄ ደጋግሜ፣ ምናልባት አርባ ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን አንድም ማመልከቻ ከገንዘብ ፍሰቱ ሳልጀምር አልከፈትኩም። በተግባር ያገኘሁት ጥቅም ይህ ነው፤ የማውቀው ነገር ጨምሯል ከምል ይልቅ ላውቀው ይገባኝ የነበረውን በእርግጥ አወቅሁት ብል ይቀርባል።

ሁለተኛው ነገር ከራስዎ ባንክ የሂሳብ መዝገብ ጋር የተያያዘ ነው። የአገራችን ባንኮችና ኢንሹራንሶች ከ2010 ዓ.ም. የሂሳብ ዓመት ጀምሮ የሂሳብ መግለጫቸውን የሚያዘጋጁት በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎች፣ እኛ አይኤፍአርኤስ በምንለው ነው። ከእነዚህ ውስጥ ዘጠነኛው ደረጃ፣ ባንኩ ብድር ከመበላሸቱ በፊት ሊደርስ የሚችለውን ኪሳራ ገምቶ እንዲመዘግብ ያስገድዳል። ግምቱ የሚሠራው ብድሩ የመበላሸት ዕድሉን፣ ከተበላሸ የሚታጣውን ድርሻና በዚያ ጊዜ የሚኖረውን ቀሪ ዕዳ በማባዛት ነው። ለ10 ሚሊዮን ብር ብድር በሚቀጥለው አንድ ዓመት የመበላሸት ዕድሉ 4 በመቶ፣ ቢበላሽ የሚታጣው 45 በመቶ ነው ብንል፣ ባንኩ 180 ሺህ ብር መጠባበቂያ ይይዛል። ተበዳሪው መክፈያ ሠላሳ ቀን ካሳለፈ ግን፣ ተቃራኒ ማስረጃ ካልቀረበ በቀር፣ ብድሩ ወደ ሁለተኛው የስጋት ደረጃ ይወርዳል፤ ስሌቱም ለአንድ ዓመት ሳይሆን ለቀሪው የብድር ዘመን ይሆናል። በዚያ ዘመን ሁሉ የመበላሸት ዕድሉ 15 በመቶ ቢሆን፣ መጠባበቂያው 675 ሺህ ብር ይደርሳል። ልዩነቱ በቀጥታ ከባንኩ ትርፍ ላይ ይቀነሳል። ብሔራዊ ባንክ በራሱ መመሪያ ብድሮችን ከጤናማ እስከ ኪሳራ በአምስት ክፍል መድቦ የሚያስይዘው መጠባበቂያ ደግሞ ጎን ለጎን ይሄዳል፤ የእሱ ስሌት ከበለጠ ልዩነቱ ከተጠራቀመው ትርፍ ወጥቶ በተለየ መጠባበቂያ ይቀመጣል፤ ያም ለባለአክሲዮኖች ሊከፋፈል የሚችለውን ትርፍ ያሳንሳል። የብድር ተንታኝ ሆነው ይህን ከተረዱ፣ አንድን ብድር «ይራዘም» ብለው ሲጽፉ ውሳኔዎ በባንኩ የዓመት መዝጊያ ላይ ምን እንደሚያስከትል አስቀድመው ይናገራሉ። በብድር ክፍልና በፋይናንስ ክፍል መካከል እየተመላለሰ ሁለቱንም በቋንቋቸው የሚያነጋግር ሰው በየባንኩ ጥቂት ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ ወደ ላይ የሚወጣው ከሌሎች ፈጥኖ ነው።

የ2016 ሐምሌን ያስታውሱ። ሐምሌ 22 ቀን የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት ወደ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለውጭ አቅራቢ 1 ሚሊዮን ዶላር ያልከፈለ አስመጪ ዕዳው በአንድ ጊዜ ከ57 ሚሊዮን ወደ 100 ሚሊዮን ብር ከፍ አለበት፤ የ43 ሚሊዮኑ ልዩነትም ገንዘቡን ገና ሳይከፍል በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ ታየ። በዚያ ዓመት የቀረቡ የሂሳብ መግለጫዎችን ያነበበ ተንታኝ፣ ከሥራው መበላሸት የመጣውን ኪሳራ ከምንዛሪው ከመጣው መለየት ነበረበት። የመጀመሪያው ተበዳሪ አደገኛ ነው፤ ሁለተኛው ግን ዋጋውን ማስተካከል የሚችል ጤናማ ድርጅት ሊሆን ይችላል። ሁለቱን በአንድ ዓይን አይቶ ብድር የከለከለ ባንክ ጥሩ ደንበኛ አጥቷል፤ ለሁለቱም ያበደረ ደግሞ ሌላ ነገር አጥቷል።

ኦዲተር መሆን ባይፈልጉም የኦዲት ፈተናውን በንቀት እንዳያዩት አሳስባለሁ። እርስዎ የኦዲት ሪፖርት አይጽፉም፤ በየሳምንቱ ግን ያነባሉ። ነቀፌታ የሌለበት አስተያየትና «ከሚከተለው ጉዳይ በስተቀር» የሚል አስተያየት በብድር ማመልከቻ ላይ ምን ያህል እንደሚለያዩ፣ ስለ ድርጅቱ ቀጣይነት የተጻፈች አንዲት አንቀጽ ምን ያህል ክብደት እንዳላት፣ ኦዲተሩ የዕቃ ቆጠራ ላይ አልተገኘሁም ሲል ለእርስዎ ምን እየነገረዎት እንደሆነ የሚገባዎት የኦዲተሩን ሥራ ከውስጥ ሲያውቁት ነው።

የትምህርቱን ጉድለትም ሳልናገር አላልፍም። የኤሲሲኤ መጻሕፍት አንድ ድርጅት አንድ ሂሳብ አለው ብለው ይነሣሉ። በእኛ ገበያ ግን ለገቢዎች አንድ፣ ለባንክ ሌላ መግለጫ የሚያዘጋጅ ተበዳሪ እንዳለ በብድር ክፍል አራት ዓመት የቆየ ሰው ከእኔ በተሻለ ያውቃል። ለዚህ መድኃኒቱን በመጽሐፉ ውስጥ አያገኙትም። የወር የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያዎችን ደምሮ ከመግለጫው ሽያጭ ጋር ማነጻጸር፣ በባንክ ሂሳቡ የገባውን ገንዘብ ከሽያጩ ጋር ማስታረቅ፣ መጋዘኑን ሄዶ ማየት በሥራ ላይ የሚገኝ ዕውቀት ነው። የግብር ፈተናውም እንዲሁ ነው፤ ብዙዎቻችን የምንፈተነው በብሪታንያ የግብር ሕግ ሲሆን፣ በሥራ ላይ የሚያስፈልገን ግን የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 እና ማሻሻያዎቹ ናቸው። እነዚያን ራስዎ ማንበብ ይኖርብዎታል።

ጥቅሙ የማይታይባቸውን ሥራዎች በአጭሩ ልጥቀስ። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅነት፣ ተቀማጭ ማሰባሰብ፣ የደንበኛ ግንኙነትና የዲጂታል ክፍያ አገልግሎት ሰው የሚመዘንባቸው በሌላ ችሎታ ነው፤ እዚያ መቆየት ለሚፈልግ ሰው አሥራ ሦስት ፈተና እንዲቀመጥ አልመክረውም። በብድር ስጋት ሞዴል ላይ ብቻ የሚሠራም ከሂሳብ ይልቅ ስታቲስቲክስና ፕሮግራሚንግ ይሻለዋል። በሌላ በኩል በአምራች ኩባንያ የፋይናንስ ክፍል፣ ወይም የለጋሾችን ገንዘብ በሚያስተዳድሩ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ውስጥ ወደ ኃላፊነት መድረስ ለሚፈልግ ሰው ምስክር ወረቀቱ በቅጥር ማስታወቂያ ላይ ሳይቀር ተጽፎ ይገኛል።

ስለ ካፒታል ገበያው ያነሡት ሐሳብ ለእኔ ከሁሉ ያጓጓኛል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 በ2013 ዓ.ም. ወጣ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው የተመዘገበ ኩባንያ ወጋገን ባንክ ነበር። የኢንቨስትመንት ባንክ ፈቃድ በቀዳሚነት ያገኙት ሲቢኢ ካፒታልና ወጋገን ካፒታል ሁለቱም ከባንኮች የተወለዱ ናቸው። አንድ ኩባንያ አክሲዮኑን ለሕዝብ ለመሸጥ የሚያወጣው የደንበኛ ሳቢ መግለጫ፣ ማለትም ፕሮስፔክተስ፣ ዋና አካሉ ኦዲት የተደረገ የሂሳብ መግለጫ ነው። ያንን ሰነድ የሚያዘጋጅ፣ የሚመረምር፣ የሚተቸው ሁሉ የሂሳብ መግለጫ አንባቢ መሆን አለበት። የኩባንያ ዋጋ ግምት ትምህርት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ወደፊት የሚገኘውን ገቢ ለመተንበይ ያለፈውን በትክክል ማንበብ ይቀድማል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360 የውጭ ባንኮች ወደ አገራችን የሚገቡበትን መንገድ ከፍቷል፤ እነዚህ ባንኮች ሠራተኛ ሲመርጡ የዩኒቨርሲቲዎቻችንን ስም ላያውቁ ይችላሉ፤ ኤሲሲኤን ግን ያውቁታል። በ1904 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለንደን ውስጥ የተመሠረተ፣ በብዙ አገሮች አባላት ያሉት ማኅበር ስለሆነ፣ ዕውቀትዎን ለማያውቅዎት ሰው በአንድ ቃል ያስረዳልዎታል። ይህ ጥቅም በአገር ውስጥ ገና ያን ያህል ላይሰማ ይችላል፤ በሚቀጥሉት ዓመታት ግን የሚጎላ ይመስለኛል።

አለቃዎ ስለ ሲኤፍኤ የሰጡት ምክር ስሕተት አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ላይ ግን አልስማማም። ሲኤፍኤ ሦስት ደረጃ ፈተናዎች ያሉት ሲሆን፣ ቢያንስ በ36 ወራት ውስጥ የተሠራ 4,000 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ትኩረቱ ኢንቨስትመንት ነው፤ አክሲዮን፣ ቦንድ፣ የፖርትፎሊዮ አስተዳደርና የመሳሰሉት። የሂሳብ መግለጫ ትንተና በመጀመሪያው ደረጃ ካሉት አሥር ርዕሶች አንዱ ብቻ ነው። ጥልቅ የአክሲዮን ገበያ ባለበት አገር ለሚሠራ ሰው ከሲኤፍኤ ቢጀምር ይገባኛል። በአገራችን ግን ገበያው ገና ልጅ ነው፤ የተመዘገቡትም ጥቂት ኩባንያዎች ናቸው፤ አሁን በእጅዎ ያለው ሥራ ደግሞ ብድር ነው። ዛሬ ጠዋት ቢሮ ገብተው የሚጠቀሙበትን አስቀድመው ይማሩ፤ ገበያው ሲያድግና እርስዎም ወደዚያ ሲሻገሩ ሲኤፍኤን ይጨምሩ። የሂሳብ መግለጫው ክፍል ያኔ ስለማይከብድዎት ጊዜዎን ለቀሪው ያውሉታል።

እህትዎ የሚሰጡት ምክር ከሚኖሩበት አገር አንጻር ትክክል ነው። በአሜሪካ ሲፒኤ ከኦዲት ድርጅቶች ውጪም በኩባንያ፣ በባንክና በመንግሥት መሥሪያ ቤት በሰፊው የሚታወቅ መለኪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የሳርቤንስ ኦክስሊ ሕግ በአክሲዮን ገበያ ያሉ ኩባንያዎችን በውስጥ ቁጥጥርና በሪፖርት ጥራት ላይ ስላጠበቀ፣ ደረጃዎቹን የሚያውቁ ሰዎች በኩባንያው ውስጥም ተፈላጊ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ፈተናው ሦስት የጋራ ክፍሎችና ከሦስት አማራጮች የሚመረጥ አንድ ክፍል፣ በድምሩ አራት ሆኗል። ነገር ግን ፈቃዱን የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት ለራሱ ነው። ለረጅም ጊዜ የቆየው አሠራር 150 የትምህርት ክሬዲትና በሲፒኤ የተረጋገጠ የሥራ ልምድ የሚጠይቅ ሲሆን፣ የተወሰኑ ግዛቶች እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪና በሁለት ዓመት ልምድ የሚያስገባ ሌላ መንገድ ፈቅደዋል፤ የእኛ አገር ዲግሪም በትምህርት ማስረጃ ገምጋሚ ተቋም መታየት አለበት። ወደ ሜሪላንድ የመሄድ ቁርጥ ሐሳብ ካለዎት በቀጥታ በሲፒኤ ይጀምሩ፤ ሁለቱንም መከታተል ዓመታትን ይበላል። በአዲስ አበባ ለመቆየት ካሰቡ ግን ዓለም አቀፉን ደረጃ መሠረት ያደረገው ኤሲሲኤ ከሥራዎ ጋር ይቀራረባል፤ ሲፒኤ በዋናነት የሚፈትነው የአሜሪካን የሂሳብ ደረጃና የአሜሪካን ግብር ነው።

አሁን ወደ ወጪውና ጊዜው እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነውና። ኤሲሲኤ አሁን ባለው አወቃቀር 13 ፈተናዎች አሉት፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ተቋሙ እ.ኤ.አ. ለ2027 የተሻሻለ አወቃቀር ስላስታወቀ፣ ከመመዝገብዎ በፊት የሽግግሩን ደንብ ይመልከቱ። ዲግሪዎ ከአንዳንዶቹ ነፃ ያደርግዎታል፤ ስንቱን እንደሆነ የሚወስነው ግን የተማሩበት ዩኒቨርሲቲና የተመረቁበት ዓመት ነው፤ በተቋሙ ድረ ገጽ ላይ ባለው ማስያ ያረጋግጡ። ለመመዝገብ፣ ለየዓመቱ አባልነት፣ ለእያንዳንዱ ፈተናና ነፃ ለሆኑባቸው ፈተናዎች ጭምር ክፍያ አለ። ከምንዛሪው ለውጥ በኋላ ይህ ሁሉ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የፈተና ክፍያ ቀደም ብሎ ሲከፈል ይቀንሳል፤ ዘግይተው ሲመዘገቡ ግን በጣም ይጨምራል፤ ስለዚህ የዓመቱን ፈተናዎች አስቀድመው ወስነው የውጭ ምንዛሪ ክፍያውን በወቅቱ ያመቻቹ። ባንክዎ የሠራተኛ ትምህርት ድጋፍ ካለው መመሪያውን ፈልገው ያንብቡ፤ በብዙ ቦታ ድጋፉ ካለፉ በኋላ የሚመለስ ሲሆን፣ በምላሹ የተወሰነ ዓመት የማገልገል ግዴታ ይከተለዋል። ያንን ግዴታ ሳያነብቡ አይፈርሙ፤ ወደ ካፒታል ገበያው የመሻገር ሐሳብዎን ለሦስት ዓመት ሊያስርብዎ ይችላል።

አብዛኛው ፈተና በዓመት አራት ጊዜ፣ በማርች፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በዲሴምበር ይሰጣል። የጁኑን ይተዉት። የባንኮች የሂሳብ ዓመት በሰኔ ስለሚዘጋ፣ የብድር ክፍል በዚያ ወቅት እስከ ምሽት ይሠራል፤ እኔ ያንን ሳላስብ ተቀምጬ የወደቅሁት ብቸኛ ፈተናዬ የጁን ነበር። በቀሪዎቹ ሦስት ጊዜያት አንድ አንድ ፈተና መውሰድ፣ በዓመት ሦስት ማለት ነው፣ በሥራ ላይ ላለ ሰው የሚቻል ፍጥነት ነው። ከፈተናዎቹ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረቡንና የፋይናንስ አስተዳደሩን ያስቀድሙ፤ ደንቡ እስከፈቀደ ድረስ የሥራዎን ጥቅም የሚያሳዩት እነዚህ ናቸው፤ ምናልባት መሐል ላይ ቢያቋርጡ እንኳ የተማሩት ከእርስዎ ጋር ይቀራል። በመጨረሻው ደረጃ ከሚመረጡት አራት ፈተናዎች ደግሞ የከፍተኛ ፋይናንስ አስተዳደሩን ይውሰዱ፤ የኩባንያ ዋጋ ግምት፣ የውህደትና የምንዛሪ ስጋት አያያዝ በብዛት ያለው እዚያ ነው። የመጨረሻው ደረጃ ፈተናዎች፣ ከመካከላቸው የመጀመሪያውን ካለፉበት ቀን ጀምሮ በሰባት ዓመት ውስጥ ማለቅ እንዳለባቸውም ልብ ይበሉ።

ከፈተናው ይልቅ ኦዲት የማይሠሩ ሰዎችን የሚያዘገየው የሥራ ልምዱ ነው። አባል ለመሆን 36 ወራት ተገቢ ልምድ ያስፈልጋል፤ ልምዱ በኦዲት ድርጅት ይሁን የሚል ደንብ የለም፤ የብድር ትንተናም ይቆጠራል። ነገር ግን የሠሩትን በዝርዝር ጽፈው፣ ዕውቅና ያለው የሂሳብ ባለሙያ የሆነ ሰው ሊያረጋግጥልዎ ይገባል። በኦዲት ድርጅት ውስጥ ያ ሰው አጠገብዎ ተቀምጧል፤ በብድር ክፍል ግን አለቃዎ ምናልባት የኢኮኖሚክስ ምሩቅ ነው። እኔ ፈተናዬን ጨርሼ ይህን የሚያረጋግጥ ሰው ፍለጋ አሥራ አንድ ወር ባክኖብኛል፤ በመጨረሻ የፈረሙልኝ በሌላ ፎቅ የነበሩ የፋይናንስ ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ እሳቸውም ቢሆኑ ሥራዬን በቅርበት ስላላዩት ለእያንዳንዱ ነጥብ የሠራሁትን ማስረጃ አቅርቤ ማሳመን ነበረብኝ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት በባንክዎ የፋይናንስ ወይም የውስጥ ኦዲት ክፍል የኤሲሲኤ አባል የሆነ ሰው መኖሩን ይጠይቁ። ካለ ዛሬውኑ ሄደው ሐሳብዎን ይንገሩት፤ የብድርና የፋይናንስ ክፍሎችን በሚያገናኝ ሥራ፣ ለምሳሌ በዓመት መዝጊያ በሚደረገው የብድር መጠባበቂያ ስሌት፣ እንዲያሳትፍዎ ይጠይቁት። የሚሠሩትንም ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በጽሑፍ ይያዙ።